«ወተት ነው» ተብላ የተመለሰች፦ ዘግይቶ ስለታወቀ ካንሰርና ስለ ሕጉ

(ይህ ጽሑፍ በባሕር ዳር ለተሰበሰቡ ነርሶች፣ ጤና መኮንኖች፣ የሕግ ተማሪዎችና የታካሚ ቤተሰቦች በቃል ያቀረብሁት ንግግር ነው። ለንባብ ሲዘጋጅ ድግግሞሹን ቀንሻለሁ፤ በመጨረሻ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱን ጨምሬበታለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ።

ታላቅ እህቴን እታለም ነበር የምንላት። ኑሮዋ ዘጌ ነው፣ ከቡናው መሀል። ቅዳሜ ቅዳሜ በጀልባ ተሻግራ ባሕር ዳር ገበያ ትወጣለች፤ ቡናዋን ሸጣ፣ ጨውና ሳሙናዋን ገዝታ በማታው ጀልባ ትመለሳለች። አራተኛ ልጇን እያጠባች ሳለ አንድ ቀን በግራ ጡቷ ላይ ሽንብራ የሚያህል ነገር ዳሰሰች። አያማትም፤ ግን አለ። ለባሏ ነገረችው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ቡናዋን «ሽጭልኝ» ብላ ለጎረቤቷ ሰጥታ ወደ ሕክምና ሄደች።

ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ስለ ካንሰር በተሰበሰብን ቁጥር ወቀሳው የሚያርፈው ታካሚው ላይ ነው፤ ሕዝባችን ዘግይቶ ይመጣል፣ ያፍራል፣ ይደብቃል፣ ጸበል ለጸበል ሲዞር ይከርማል እንላለን። እውነትነት አለው፤ በየዕለቱ የምታዩት ነው። እታለም ግን አልዘገየችም። ሳይቃጠል በቅጠል ብላ በሳምንቷ ነው የመጣችው።

ያያት ባለሙያ ዳሰሳት። «ወተት ነው የቋጠረው፤ ልጁን ጡት ስታስጥዪው ይጠፋል» አላት። ቀጠሮ አልሰጣትም። እሷም ከላይዋ ላይ ሸክም እንደወረደላት ሰው ቀልሏት ወደ ጀልባው ተመለሰች። ከሰባት ወር በኋላ እብጠቱ የዶሮ እንቁላል ሲያክል ተመልሳ ሄደች። ካርዷ ተፈልጎ አልተገኘምና አዲስ ካርድ ወጣላት። ባለሙያውም ሌላ ነበር፤ የመጀመሪያውን ቀን የሚያውቅ ሰው በክፍሉ ውስጥ አልነበረም። መግል ቋጥሮ ይሆናል ተብሎ የዐሥር ቀን መድኃኒት ተጻፈላት። አሁንም ቀጠሮ የለም።

በ14ኛው ወር ሌላ ተቋም ውስጥ አንድ የቀዶ ሕክምና ሐኪም አያት። አጠገቧ ነበርሁ። ጡቷን ዳሰሰ፣ ከዚያ ብብቷን ዳሰሰ፤ እጁን ሳያነሣ ዝም ብሎ ጥቂት ቆየ። ከዚያ «እስካሁን የት ነበርሽ?» አላት።

«እዚሁ ነበርሁ» አለችው።

እህቴ ካረፈች በኋላ የካርዷን ቅጂ አወጣሁ፤ የመጀመሪያው ካርድ ያኔ ተገኘ። በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት መስመር ናት፦ በግራ ጡት 2 በ2 ሴንቲ ሜትር እብጠት፤ ሥጋት እንደሌለው ነግሬ አሰናብቻለሁ። ያቺን መስመር ስንት ጊዜ እንዳነበብኋት አላውቅም። የጻፋትን ሰው ግን ጠልቼው አላውቅም። እንዲያውም ለክቶ መጻፉን አከብርለታለሁ፤ ባይጽፍ ኖሮ እህቴ በዚያ ቀን እዚያ ለመገኘቷ ምስክር አይኖራትም ነበር። ጠበቃ ሆኜ በነጻ የሕግ ድጋፍ ሥራ ላይ መዋል ከጀመርሁ በኋላ የምከታተላቸው የዚህ ዓይነት ጉዳዮች ሁሉ ወደዚያች መስመር ይመልሱኛል። ዛሬ የምነግራችሁም ከዚያችው መስመር የሚወጣ ነው።

በመጀመሪያ፣ ጥፋቱ ምን ላይ ነው? «ወተት ነው» ማለቱ ላይ አይደለም። አብዛኛው የጡት እብጠት ካንሰር አይደለም፤ በምታጠባ ሴት ላይ ወተት መቋጠሩም በእርግጥ የሚያጋጥም ነገር ነው። ሐኪም ነቢይ አይደለም፤ ሕጋችንም ነቢይ ሁን አላለውም። በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ሕክምና ውል ከአንቀጽ 2639 ጀምሮ ሲደነግግ ሐኪሙ የሚገባው ግዴታ የሚችለውን ሁሉ ማድረግ እንጂ ማዳን እንዳልሆነ ያስቀምጣል። በአንቀጽ 2031 ደግሞ ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ በሙያው የታወቀውን የሳይንስ እውነት ወይም ተቀባይነት ያገኘውን አሠራር ቸል ብሎ ጉዳት ካደረሰ ይጠየቃል።

ስለዚህ ከዳኛው ፊት የሚቀርበው ጥያቄ «ሐኪሙ ተሳስቷል ወይ?» አይደለም። «በዚያ ቀን፣ በዚያ ደረጃ ባለ ተቋም፣ በዚያ መሣሪያ፣ ሙያው ምን አድርግ ይለዋል?» ነው። ለጡት እብጠት ሙያው የሚለው የታወቀ ነው፤ እዚህ የተቀመጣችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በእጅ ይዳሰሳል፣ በአልትራሳውንድ ወይም በማሞግራፊ ይታያል፣ በመርፌ ናሙና ይወሰዳል። ሦስቱ ሲገጥሙ ሰው እርግጠኛ ይሆናል። ጤና ጣቢያ ላይ ሁለተኛውና ሦስተኛው ላይኖሩ ይችላሉ፤ ወረቀትና እስክርቢቶ ግን አለ። «ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሽ፤ ካልጠፋ ሪፈር እጽፍልሻለሁ» ማለት መሣሪያ አይፈልግም። እህቴን የጎዳት ግምቱ ሳይሆን ግምቱ ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጥ ቀን አለመቆረጡ ነው። በእኔ እምነት፣ ዘግይቶ በታወቀ ካንሰር ጉዳይ ከዐሥሩ ክርክር ስምንቱን የሚወስነው ይኸው ነው፤ ሐኪሙ ያሰበው ነገር ሐሰት ቢሆን ማን፣ መቼ ያውቃል?

ሌላ ጉዳይ ልንገራችሁ፤ ይህኛው ከሕክምናው ዕውቀት ጋር ጭራሽ አይገናኝም። ባለጉዳዩ ከደቅ ደሴት የመጡ አባት ናቸው። አንገታቸው ላይ ያበጠ ነገር ነበር፤ ሐኪሙ በትክክል ጠረጠረ፣ በትክክል ናሙና ወሰደ። ናሙናውን ወደ ምርመራው ቦታ ያደረሰው ልጃቸው ነው። የአውራ ጣት ያህል ብልቃጥ፣ ውስጡ ፎርማሊን፣ ፎርማሊኑ ውስጥ የምስር ፍሬ የሚያህል የአባቱ ሥጋ። እንዳይፈስ በፌስታል ጠቅልሎ፣ በባጃጅ ውስጥ በሁለት እጁ ታቅፎ ነው የወሰደው። «ውጤቱ ሲደርስ እንደውላለን» ተባለ። የሰጠው ስልክ የደሴቱ ባለሱቅ ስልክ ነበር፤ ኔትወርክ ሲኖር የሚሠራ።

ማንም አልደወለም። አባትየው አላመማቸውም፤ ሳይደወል ሲቀር ቤተሰቡ ደኅና ቢሆን ነው ብሎ ተረጎመው። ይህ አተረጓጎም በአገራችን ምን ያህል የተለመደ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ዝምታ መልካም ዜና ነው። ከአምስት ወር በኋላ እብጠቱ ሲጨምር ልጁ ራሱ መጣና ጠየቀ። የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ መሳቢያ ከፍታ በላስቲክ የታሰረ የወረቀት ክምር አወጣች፤ አንድ በአንድ ገለበጠች። የአባቱ ውጤት እዚያ ነበር። በላዩ የተመታው ማኅተም ናሙናው ከተወሰደ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ያለ ቀን ነው። ካንሰር ነው ይላል። አምስት ወር ሙሉ በዚያ መሳቢያ ውስጥ ተቀምጦ ነበር።

እዚህ ጉዳይ ላይ በስም «አጥፍተሃል» የሚባል ሰው ብትፈልጉ አታገኙም። ሐኪሙ ሥራውን ሠርቷል፤ ናሙናውን የመረመረው ፓቶሎጂስትም ሠርቷል፤ ሠራተኛዋም ወረቀቱን በሚቀመጥበት አስቀምጣለች። የጎደለው በሐኪሙና በመሳቢያው መካከል ያለው ሰው ነው። ሕጉ ለዚህ መልስ አለው፤ የሕክምና ተቋም በሐኪሞቹና በረዳት ሠራተኞቹ ጥፋት ለሚደርስ ጉዳት በፍትሐ ብሔር ኃላፊ ነው። ተቋሙ የመንግሥት ሲሆንም በአንቀጽ 2126 መሠረት ሠራተኛው በሥራው ላይ ላደረሰው ጥፋት ተጎጂው መንግሥትን ካሳ መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ ቤተሰብ አንዱን ነርስ ወይም አንዱን ሐኪም ለይቶ የማሳደድ ግዴታ የለበትም። የአባትየው ጉዳይ በስምምነት አለቀ። ከካሳው በላይ ደስ ያሰኘኝ ተቋሙ የከፈተው መዝገብ ነው፤ በእጅ የተሠመረ ተራ ደብተር ሲሆን አራት ዓምድ አለው። ናሙናው የወጣበት ቀን፣ ውጤቱ የገባበት ቀን፣ ለታካሚው የተነገረበት ቀን፣ የነገረው ሰው ፊርማ።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። የሕግ ተማሪዎች፣ ይህ የእናንተ ነው።

የመኪና አደጋ ቢሆን ጉዳቱንና አድራሹን ማገናኘት ቀላል ነው፤ ሰውየው ደኅና ነበር፣ ተገጨ፣ እግሩ ተሰበረ። እህቴን ግን ካንሰሩን ያመጣባት ሐኪሙ አይደለም። በመጀመሪያው ቀን ይዛው ነው የሄደችው። ተከሳሽ ሁልጊዜ የሚነሣው ከዚህ ነው፤ «በሽታው ገድሏታል፣ እኛ ምን አደረግን? ያን ቀን ብናውቀውስ ትድን ነበር?» ከሳሽ ደግሞ የማስረጃ ሸክሙን ተሸክሞ ያልሆነ ነገር እንዲያስረዳ ይጠየቃል፤ ያልተደረገ ምርመራ ምን ያሳይ እንደነበር፣ ያልተጀመረ ሕክምና ምን ያደርግ እንደነበር።

ተከሳሾች በአገራችን ሁኔታ የሚጨምሩት ሌላም መከራከሪያ አለ። ለረጅም ዓመታት የጨረር ሕክምና በአገሪቱ የነበረው አዲስ አበባ፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ነበር። ወረፋውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። እንግዲህ ተከሳሽ «በጊዜው ብትታወቅም ጊዜዋን ወረፋው ይበላው ነበር፤ መንገዱም ይዘጋ ነበር» ይላል። ይህ መከራከሪያ ያመኛል። የአንዱን ጉድለት በሌላው ጉድለት መሸፈን ነውና። ደግሞም ትክክል አይደለም፤ ገና 2 ሴንቲ ሜትር የሆነና ብብት ያልደረሰ እብጠት የመጀመሪያ ሕክምናው ቀዶ ሕክምና ነው፣ ቀዶ ሕክምናው ደግሞ እዚሁ ባሕር ዳር ይሠራል። ረጅሙ ወረፋ ይበልጥ የሚጠብቀው ዘግይቶ የታወቀውን ታካሚ ነው። መዘግየት መዘግየትን ይወልዳል።

በሌላ አገር ፍርድ ቤቶች በዚህ ነጥብ ላይ ተከፋፍለዋል። በእንግሊዝ አንድ ሰው ብብቱ ሥር እብጠት ይዞ እ.ኤ.አ. በ1994 ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ «ምንም አይደለም፣ ስብ ነው» ተባለ። ወደ ዘጠኝ ወር ያህል ዘገየ። የሊምፍ ዕጢ ካንሰር ነበር። በክርክሩ እንደተረጋገጠው ለዐሥር ዓመት ከበሽታው ነጻ ሆኖ የመኖር ዕድሉ 42 በመቶ የነበረው በመዘግየቱ ወደ 25 በመቶ ወረደ። ጉዳዩ ያኔ የመጨረሻው የይግባኝ ፍርድ ቤት እስከነበረው እስከ ጌቶች ምክር ቤት ደረሰና እ.ኤ.አ. በ2005 በሦስት ለሁለት ድምፅ ውድቅ ሆነ። ምክንያቱ፣ ከመጀመሪያውም ዕድሉ ከግማሽ በታች ስለነበር «ባይዘገይ ኖሮ ይድን ነበር» ማለት ከአለመዳኑ ይበልጥ የሚመስል አልሆነም። በሐሳብ ከተለዩት ዳኞች አንዱ ሎርድ ኒኮልስ፣ ከግማሽ በላይ የነበረ ዕድል ሲጠፋ ካሳ ሰጥቶ ከግማሽ በታች የነበረው ሲጠፋ ባዶ እጅ መመለስ ፍትሕ እንዳልሆነ አጥብቀው ጽፈዋል።

በአሜሪካ የዋሽንግተን ግዛት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ግን እ.ኤ.አ. በ1983 የተገላቢጦሹን ነበር ያለው። የሳንባ ካንሰሩ ስድስት ወር ዘግይቶ የታወቀ ሰው ነው፤ ለአምስት ዓመት የመኖር ዕድሉ ከ39 በመቶ ወደ 25 በመቶ ወርዷል። ፍርድ ቤቱ «የጠፋው ዕድል ራሱ ክርክር ሊቀርብበት ይገባል» ብሎ የቤተሰቡ ክስ እንዲሰማ ፈቀደ። ፈረንሳዮች ደግሞ ይህን «ዕድልን ማጣት» ብለው ስም ሰጥተው ራሱን የቻለ ጉዳት አድርገው በሕክምና ጉዳዮች ሲሠሩበት ኖረዋል።

የእኛስ? የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ምሁር ሬኔ ዳቪድ ናቸው። ሕጋችን «ዕድልን ማጣት» የሚል አንቀጽ የለውም። ነገር ግን አንቀጽ 2102 የጉዳቱን ልክ በትክክል መተመን በማይቻልበት ጊዜ ዳኛው ሁኔታውን ሁሉ አይቶ በርትዕ፣ ማለትም ሚዛናዊ ነው ባለው ልክ፣ እንዲወስን ሥልጣን ይሰጠዋል። ወደፊት የሚደርስ ጉዳትም በእርግጥ የሚደርስ ከሆነ እስኪደርስ ሳይጠበቅ ይካሳል። እኔ የምከራከረው በዚህ በር ገብቼ ነው። ዳኛውን «ሐኪሙ ገድሏታል ብለው ይፍረዱ» አልለውም። የምለው እንዲህ ነው፦ ይህቺ ሴት ያን ቅዳሜ ወደ ሕክምና ስትሄድ በእጇ የያዘችው ዕድል ነበር፤ ስትመለስ አልያዘችውም። ያ ዕድል ልኩ በትክክል አይታወቅ እንጂ መኖሩ ይታወቃል፤ መጥፋቱም ይታወቃል። ያጠፋው መክፈል አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት ለጡት ካንሰር ያስቀመጠው ግብ አንዲት ሴት ለመጀመሪያ ጊዜ ከቀረበችበት ቀን አንሥቶ በ60 ቀን ውስጥ ምርመራዋ እንዲያልቅ ነው። ግብ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ነገር ግን 14 ወር ምን ማለት እንደሆነ ለዳኛው ለማስረዳት የሚለካበት ነገር ያስፈልጋል፣ እሱን እጠቀማለሁ።

ስለ ካሳው ብዙ አልቆይም፤ አንዲት ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ለቤተሰብ የጠፋ ጥሪት፣ ለሕክምና የወጣ ወጪ፣ ለልጆች የተቋረጠ መተዳደሪያ በማስረጃ ይቆጠራል። ለኀዘን የሚሰጠው የሞራል ካሳ ግን በአንቀጽ 2116 ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ተወስኗል። ሕጉ ሲወጣ አንድ ሺህ ብር ከብት ይገዛ፣ ቤት ያቆም ነበር። ዛሬ አንዲት ታካሚ ከባሕር ዳር አዲስ አበባ ደርሳ ለመመለሻ አይበቃትም። አራት ልጆች እናታቸውን ሲያጡ የኀዘናቸው ጣሪያ ይህ ነው ብሎ ለደንበኛ ማስረዳት በሥራዬ ውስጥ ካሉት ነገሮች ሁሉ ይከብደኛል። ይህ ቁጥር መለወጥ አለበት፤ ዳኛ ሊለውጠው አይችልም፣ ሕግ አውጪው ነው መለወጥ ያለበት።

አሁን ስለ ይርጋ፣ ማለትም ክስ ሊቀርብበት ስለሚገባው የጊዜ ገደብ። ከዚህ አዳራሽ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትወጡ ከሆነ ይህን ያዙ። ከውል ውጪ ኃላፊነት ላይ፣ ማለትም ያለ ውል በደረሰ ጉዳት ላይ፣ የተመሠረተ የካሳ ክስ በአንቀጽ 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ድርጊቱ በወንጀልም የሚያስጠይቅና የወንጀሉ ይርጋ ረዘም ያለ ከሆነ ረጅሙ ይሠራል። ከፍሎ በታከመበት የግል ተቋም ላይ ደግሞ ጉዳዩ የውል ነው፣ የውል ይርጋ 10 ዓመት ነው ብዬ እከራከራለሁ፤ ይህ ግን ክርክር ነው፣ ተማምናችሁ የምትተኙበት አይደለም። በሁለት ዓመቱ ውስጥ መገኘት ነው የሚያዋጣው።

ሁለቱ ዓመት ከመቼ ይቆጠራል? በእህቴ ጉዳይ ከመጀመሪያው ቀን ብንቆጥር፣ ካንሰር መሆኑ በታወቀበት ቀን 14 ወሩ አልፎ ነበር። ቀሪው ዐሥር ወር ነው፤ ያ ዐሥር ወር ደግሞ መድኃኒት ፍለጋ፣ አዲስ አበባ መመላለስ፣ ልጆቹን ማን ይያዝ የምንልበት ጊዜ ነበር። የሚሞት ሰው አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የክስ ማመልከቻ የሚጽፍ ማን አለ? ጉዳቱ የደረሰው ታማሚዋ ባወቀችበት ቀን ነው ብሎ መከራከር ይቻላል፤ ያላወቀችውን ጉዳት ልትከስበት አትችልምና ትክክሉም ይኼው ነው ብዬ አምናለሁ። እኛ ግን አልከሰስንም። እናታችን «ልጄን ላትመልሱልኝ ደጅ ለደጅ አትዙሩ» አለች። አልፈረድሁባትም። የፈለገችው ገንዘብ አልነበረም፤ የሆነ ሰው መጥቶ «እንዲህ ሆነ፣ ይህን ሳናደርግ ቀረን» እንዲላት ነበር። እስክታርፍ ድረስ ማንም አልመጣም።

በዚህ ነገር ላይ የጤና ባለሙያዎችን አጥብቄ የምለምነው አለ። ቤተሰብ ወደ ፖሊስ የሚሮጠው ብዙ ጊዜ መልስ የሚሰጠው ሰው ሲያጣ ነው። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል፤ ሕይወትን የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ባለበት ሰው ላይ፣ ሐኪምና አሽከርካሪ እየተባለ በምሳሌ ተጠቅሶ፣ ቅጣቱ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ይደርሳል። እኔ ዘግይቶ በታወቀ ካንሰር የወንጀል መንገድን አልወድም። በቀን ስልሳ ሰባ ሰው የሚያይ ጤና መኮንን በካቴና ሲወሰድ ያየ ባልደረባው በማግስቱ የሚማረው ጥንቃቄ አይደለም፤ የሚማረው ካርድ ላይ ምንም አለመጻፍን ነው። ካርድ ላይ ካልተጻፈ ደግሞ ሁላችንም ጠፋን። ሐኪሙን የሚያርመው የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፤ የሙያ ፈቃድን እስከማገድና እስከመሰረዝ የሚደርስ ርምጃ ሊያስወስድ ይችላል። ቤተሰቡን የሚክሰው የፍትሐ ብሔር ፍርድ ቤት አለ። ሁለቱ ካሉ እስር ቤቱ ሆን ብሎና አውቆ ለተወው ይቆይ።

የዳኝነት መክፈያ የሌለው ሰውም በር አይዘጋበትም። በ1958 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከአንቀጽ 467 ጀምሮ ድኻ በድህነቱ ሳይከፍል እንዲከስስ ይፈቅዳል። የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሕግ ትምህርት ቤትም ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ብዙ ሰው ይህን አያውቅምና ንገሩ።

ከጥያቄዎቹ የመጀመሪያው የአንዲት ነርስ ነበር፤ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ወጣት ናት። «ቀጠሮ ሰጥቼ፣ እሱንም ካርዱ ላይ ጽፌ፣ ታካሚዋ ሳትመጣ ብትቀር የጻፍሁት ነገር ተመልሶ ማስረጃ አይሆንብኝም ወይ?» አለች።

ይሆናል፣ እህቴ፤ ግን ላንቺ ነው የሚሆነው። «በዚህ ቀን ተመለሺ ብያታለሁ፤ ካልጠፋ አልትራሳውንድ እንደሚያስፈልጋት ነግሬያታለሁ» የሚል መስመር ካለ፣ ቀጥሎ የሚጠየቀው ታካሚዋ ለምን አልተመለሰችም ነው። ከቻልሽ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ደውዪላት፣ መደወልሽንም ጻፊ። ባዶ ካርድ ግን ማንንም አይጠብቅም። ባዶ ካርድ ይዞ ፍርድ ቤት የቀረበ ሐኪም ሲምል ሲገዘት አይቻለሁ፤ ዳኛው የሚያየው ወረቀቱን ነው።

ሁለተኛው ጠያቂ ከኋላ የተቀመጡ ጎልማሳ ነበሩ። ጋቢያቸውን እንደደረቡ ቆመው፣ ባለቤታቸው በማሕፀን በር ካንሰር እንዳረፉ ተናገሩ። ሁለት ጊዜ ደም መፍሰሱን ተናግረው «የዕድሜ ነው» ተብለው ተመልሰዋል፤ በሦስተኛው ነው የታወቀው። «ሁለት ዓመቱ አልፎኝ ይሆን?» አሉኝ። መቼ እንደታወቀ ጠየቅኋቸው። ወሩን በጾም ቈጠሩልኝ፤ ባለፈው ዓመት ሳይሆን ካቻምና፣ ፍልሰታ ከመግባቷ በፊት። በሁላችሁም ፊት በጣቴ ቈጠርሁ። አምስት ሳምንት ገደማ ቀርቷቸው ነበር።

ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ በር ላይ ከእኔ ቀድመው ቆመው አገኘኋቸው። በጥቁር ፌስታል የተጠቀለለ ነገር በብብታቸው ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ ዘረጉት፦ ሁለት የአልትራሳውንድ ወረቀት፣ አንድ ሪፈር፣ የመድኃኒት ደረሰኞች፣ ጠርዙ በውኃ የራሰ የቀጠሮ ካርድ። «አባቴ፣ የመጀመሪያውን ቀን የሚያሳየው የትኛው ነው?» አልኋቸው። አንድ በአንድ ማንሣት ጀመርን።